ካልመጡ አባቴ ይቀየማል

እንግዳ መጥራት በእኛ አገር ቀላል ነገር ነው። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ «ቤት ግባ እንጂ!» እንለዋለን፤ እሱም «ሌላ ጊዜ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ያልፋል፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። እኔ ግን አንድ ጊዜ የጠራሁት እንግዳ ከምር መጣ። ያውም ከሀንጋሪ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ባሌ፣ ሮቤ ውስጥ ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልታየም። እኔ በፊደል ተምሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ትማራለች። በአንድ ጠረጴዛ ላይ እኔ ከወዲህ የአማርኛ ግጥም ስጽፍ እሷ ከወዲያ በኦሮምኛ የሂሳብ ጥያቄ ትሠራለች። ሻይ ቤት ገብቶ ጆሮውን ለጣለ ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ቋንቋ ነበር፦ ቢሮው በየትኛው ይሥራ፣ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ያስተምር፣ ማመልከቻ በየትኛው ይጻፍ። እኔ የማትሪክ ውጤት አልመጣልኝም፤ ሥራ የለኝም፤ ግጥሞቼን ከእኔ በቀር ያነበበ ሰው የለም። እግሬ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ጠዋት ሮቤ፣ ከሰዓት ጎባ፤ ለመሄዴ ምክንያት አልነበረኝም፤ ለመመለሴም እንደዚያው።

አንድ ቀን ጎባ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ባለሱቁ የጠቀለለበት ወረቀት የመጽሐፍ ገጽ ነበር። እንግሊዝኛ መሰለኝና ሳነበው ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አይቼው የማላውቀው ነገር ሆነ። ኦቾሎኒውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ተመለስኩና የቀረውን መጽሐፍ እንዳለ ገዛሁት። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች የጎባ ሕዝብ ኦቾሎኒ በልቶባቸዋል። የቀረው ግን በቃኝ። ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ ማስተማሪያ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የዓይን ሐኪም ቁጭ ብሎ የሠራው ነው። ሐኪሙ ያደገባት ከተማ ውስጥ አራት ዓይነት ሕዝብ በአራት ቋንቋ ይጣላ ነበር አሉ፤ እሱም የማንም ያልሆነ፣ ስለዚህ የሁሉም የሚሆን ቋንቋ ልሥራ አለ። ይህን ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ለሮቤ ሻይ ቤቶች የተጻፈ መሰለኝ።

በስምንት ወር ተማርኩት። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ወዳለው የቋንቋው ማኅበር አድራሻ ጻፍኩ፤ እነሱም ሀንጋሪ ውስጥ ካሉ ኢሎና ከሚባሉ አንዲት አሮጊት ጋር አገናኙኝ። ደብዳቤ መላላክ ጀመርን። እኔ ስለ ግጥም እጽፋለሁ፤ እሳቸው ስለ በረዶና ስለ ጎረቤታቸው ውሻ። በየደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ ታዲያ አንዲት ነገር እጨምር ነበር። አባቴ እንግዳ ሲሸኝ በር ላይ ቆሞ የሚላት ናት፦ «ቤታችን ቤትዎ ነው። ነገ ከሚመጡ ዛሬ ይምጡ። ካልመጡ አባቴ ይቀየማል።» እሱ «እቀየማለሁ» ይላል፤ እኔ ጨዋ ልጅ ስለሆንኩ ቅያሜውን ለእሱ ተውኩለት።

አባቴ ከድር ይባላል። ማር ነጋዴ ነው፤ የራሱ ቀፎዎች ሃረና ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በእኔ ላይ ደግሞ ዝምታው ይጨምራል። በቀን የምንነጋገረው ሦስት አረፍተ ነገር ቢሆን ነው፦ በላህ? በላሁ። በሩን ዝጋ። አንድ ቀን መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳነበንብ አየኝና፦

«ሁለት ቋንቋ አለህ» አለ። «በሁለቱም ከእኔ ጋር አትጫወትም። ሦስተኛው ምን ሊሠራልህ ነው?»

ገጹን ገልብጬ ማንበቤን ቀጠልኩ። በሳምንቱ አባቴ፣ ገሰራ ያለው አጎቴ ለወፍጮ ቤቱ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። «ከሰኞ ጀምሮ» አለ። ገሰራ ሄጄ ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ለብሼ፣ የሞተር ጩኸት እየሰማሁ ስንኝ ስቆጥር ታየኝ። ለሰኞ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ታምራት የሚባሉ ሠራተኛ ነበሩ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተረብ የሚወዱ።

«ና የኔ ጌታ» አሉኝ። «የማርስ ደብዳቤህ መጥቷል። ሰሞኑን መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት የሰነበተ ነው።»

እዚያው ቀደድኩት። «ጮክ በል፤ እኔም የድካሜን ልስማ» አሉ። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፦

«ውድ ወዳጄ፣ ከዓመት በላይ አባትዎ እንደሚቀየሙ ጽፈውልኛል። ሰው አስቀይሜ መሞት አልፈልግም። ስለዚህ ገንዘብ አጠራቅሜ እየመጣሁ ነው። በዚህ ወር በአሥራ ሰባት፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ሮቤ እደርሳለሁ። ከሀንጋሪኛና ከኤስፔራንቶ በቀር ምንም አልችልም፤ እርስዎ እዚያ ስላሉ ግን አልሰጋም።»

ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ግድግዳው ላይ ወዳለው የፈረንጅና የሐበሻ ቀን መቁጠሪያ ሄዱና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ ተከሉ።

«አሥራ ሰባት» አሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ነው።»

እስከ ቤት ድረስ የሮጥኩት ሩጫ እስካሁን እግሬ ላይ አለ። አባቴ ግቢ ውስጥ የማር ጣሳ እያጠበ ነበር። ነገርኩት። ጣሳውን አስቀመጠ።

«ማን ነው የሚቀየመው?»

«…አንተ።»

«እኔ? በምን?»

«ካልመጡ።»

«የማላውቃት ሴት ከማላውቀው አገር ስላልመጣች እኔ ተቀይሜአለሁ?»

«አባባ፣ ለወግ ነው እኮ…»

እጁን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ለወግ ይሁን ለሌላ በስሜ ተጠርታለች። በስሜ የተጠራ እንግዳ መናኸሪያ ላይ ብቻውን አይቆምም።» ኮቱን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ ደፉ ላይ ዞረ። «አንድ ነገር እንስማማ። ከሴትዮዋ ጋር ከተግባባችሁ የወፍጮውን ነገር ዳግም አላነሳም። ካልተግባባችሁ ሰኞ ገሰራ ነህ። መጽሐፉም ወደ ጎባ ይመለሳል፤ የቀረው ኦቾሎኒ ይጠቅለልበት።»

«እሺ» አልኩ። ምን እላለሁ?

አባቴ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ያን ቋንቋ ጽፌዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ፣ በሕልሜ ሳይቀር ግጥም ገጥሜበታለሁ። ከሰው አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። አንድም ቀን። አነጋገሩን የሚያስተምሩት ገጾች ኦቾሎኒ ይዘው ሄደዋል።

መናኸሪያ ስንደርስ ጋሽ ታምራት ቀድመውናል፤ ከሻይ ቤቱም ግማሹን ሰው አስከትለዋል። «ዛሬ የማርስኛ ፈተና ነው!» ይላሉ። አንዱ ሸክም አውራጅ «ይወድቃል» ብሎ ሻይ ሲያስይዝ ሰማሁ፤ «ያልፋል» ብሎ የያዘለት አልነበረም። እኔ በቀትር የጻፍኩትን የእንኳን ደህና መጡ ግጥም ኪሴ ውስጥ እየዳሰስኩ ላቤ ይወርዳል።

አውቶቡሱ ወደ ዘጠኝ ተኩል ላይ በጭቃ ተለውሶ ገባ። ሰው ወረደ፣ ዶሮ ወረደ፣ ከሁሉም በኋላ አንዲት አጭር ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ወረዱ። ደረታቸው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ኮከብ አለች፤ የቋንቋው ምልክት ናት። በሁለት እጃቸው በሲባጎ የታሰረ ካርቶን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። እኔንም ወዲያው ለዩኝ፤ ወረቀት ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ፊታቸው በራና መናገር ጀመሩ። ተናገሩ፣ ተናገሩ። እኔ የሰማሁት ወንዝ ነው። አንድ ቃል አልያዝኩም። ወረቀቴን ዘረጋሁ፤ ፊደሎቹ ተራመዱብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ተያዘ!» አለ ሸክም አውራጁ።

«ማርስኛው መብራት ጠፋበት!» አሉ ጋሽ ታምራት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሊስቁ ሞከሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ግን ፍርሃት አየሁ። ስንት አገር አቋርጠው የመጡት እኔን ብቻ ተማምነው ነው። ያኔ ገሰራን ረሳሁት። ያፈርኩት ለእሳቸው ነበር።

አባቴ በዚህ መሀል ሰዉን በትከሻው ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ወጣ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ ለማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው፣ በኦሮምኛ ጀመረ። «ነጋ? ፈያ? ወሪ ነጋ?» ሰላም ነዎት፣ ጤና ነዎት፣ ቤተሰቡ ሰላም ነው? ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በላቸው።»

«ምኑን?»

«ሰላምታውን ነዋ! መንገደኛ ስለ ቤቱ ሳይጠየቅ ግጥም ይነበብለታል እንዴ?»

ባሌ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ ጉዳይ አይነሳም፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ሣሩ፣ ዝናቡ አንድ በአንድ ይጠየቃል። እኔ በግጥሜ ልዘለው ነበር። አሁን በእጄ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፤ አጭር አጭር ጥያቄ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ቹ ላ ፋሚሊዮ ፋርታስ ቦኔ?» አልኩ። ቤተሰቡ ደህና ነው?

ሴትዮዋ ቀጥ አሉ። ካርቶኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«ቦኔ» አሉ። ደህና።

ሰማኋት! ከሰው አፍ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ቃል ናት፤ ልክ እንደጻፍኳት ነበረች። «ደህና ናቸው አሉ» አልኩ ወደ አባቴ ዞሬ።

«አልሐምዱሊላህ። ጎረቤቱስ?»

ጠየቅኩ። «ጎረቤቶቹ ደህና ናቸው፤ ውሻቸው ብቻ ክፉ ነው ይላሉ።» ሰዉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር።

«ከብቶቹስ?»

ጠየቅኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና በቀስታ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚያጎርሱ መለሱልኝ። ከመካከላቸው አንዷን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። መጽሐፉን የገዛሁ ቀን መጀመሪያ የፈለግኳት እሷን ነበር፤ አግኝቻት ለአባቴ ልነግረው አስቤ ሳልነግረው ሁለት ዓመት አልፏል።

«ከብት የለኝም አሉ» አልኩ። «ያለኝ ንብ ነው። አርባ ቀፎ።»

አባቴ እጁን ከደረቱ አወረደ።

«ንብ?» አለ። «ንቦቹስ… ደህና ናቸው?»

ባልቴቷ መልስ አልሰጡም። ሲባጎውን መፍታት ጀመሩ። ከካርቶኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የማር ብርጭቆ አወጡና ለአባቴ ዘረጉ። «እንዳይቀየሙ» አሉ። አባቴ እዚያው ከፈተው። በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። መናኸሪያው ሁሉ የሚጠብቀው የእሱን ፊት ነበር።

«ይሄ» አለ፣ «የአንድ ዓይነት ዛፍ አበባ ብቻ ነው። ነጭ አበባ። ዛፉ እሾህ አለው።»

ተረጎምኩ። ኢሎና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ልክ ነበር። አባቴ ብርጭቆውን ከደነና ለጋሽ ታምራት እንኳ ሳያቀምስ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ጋሽ ታምራት ግን ሸክም አውራጁን በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። «አለፈ» አሉ። «ሻይ ጋብዝ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ቀን አፌ አላረፈም። ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ሃረና ወጣን። ሰነቴ አምባ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ፈረንጅ ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣላት ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቆማ አየችን። ሁለቱ ሽማግሎች ግን ስለ ንግሥት ንብ እየተከራከሩ አላዩዋትም። እኔ መሀላቸው ተጣብቄ ከኦሮምኛ ወደ ኤስፔራንቶ፣ ከኤስፔራንቶ ወደ ኦሮምኛ እመላለሳለሁ። የሚገርመኝ አባቴ ነበር። ይህ ሰው ይናገራል! በአንድ ቀን የተናገረው በሃያ ዓመት ከነገረኝ ይበልጣል። የትኛው ወር የትኛው አበባ እንደሚፈካ፣ የትኛው ዛፍ ጉንዳን እንደማያስወጣ፣ በልጅነቱ ከኮሶ ዛፍ ላይ ወድቆ ሁለት ቀን ጫካ ውስጥ እንዳደረ። ሁሉም በእኔ አፍ ውስጥ ያልፋል። ለእኔ ግን አልነበረም የሚነገረው።

ጫካው ውስጥ አዲስ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሥር ቆምን። አባቴ ከግንድ የተፈለፈለውን ቀፎ ውስጡን በቅጠል አሸው፣ በጭስ አጠነው። ከዚያ አፉን ወደ ቀፎው ቀዳዳ አስጠግቶ በለሆሳስ የሆነ ነገር ማለት ጀመረ።

ኢሎና ክንዴን ያዙኝ። «ምን እያሉ ነው?»

«ምን እያልክ ነው ይላሉ፣ አባባ።»

አባቴ አፈረ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ምንም አይደለም። ንብ መጥሪያ ነው። አዲስ ቀፎ ዝም ተብሎ አይሰቀልም፤ ንቦቹ ይጠራሉ።»

«ምን ተብለው?»

ወደ ዛፉ እያየ፣ በኦሮምኛ፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ደገመው። በእኔ አማርኛ እንዲህ ይሆናል፦

«እናንተ የአበባ መንገደኞች፣
ቤቱ ታጥኗል፣ ነፋስ አይገባውም።
ቤታችን ቤታችሁ ነው።
ነገ ከምትመጡ ዛሬ ግቡ፤
ካልመጣችሁ ከድር ይቀየማል።»

ለኢሎና መተርጎም ጀመርኩና መካከል ላይ ቆምኩ። እሳቸው ቀድመውኝ ገብቷቸው ነበር፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ደብዳቤው!» አሉ። «እኔን የጠራኸኝ እንደ ንብ ነው!»

እኔ ግን ወደ አባቴ ዞሬአለሁ።

«ማን ነው የገጠመው?»

«አያትህ። እኔ ስሙን ቀየርኩ፤ ነፋሱን ጨመርኩ። የእሱ ዛፍ ነፋስ አልነበረበትም።»

«ግጥም ትገጥማለህ?»

«ግጥም አይደለም። ለንብ ነው።»

«ሌላስ አለህ?»

«ለየዛፉ አንድ አንድ አለ።»

«ስንት ዛፍ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «እሷ መጣች፣ ጠየቀች።»

ከዚያ የኮሶውን አለልኝ። የዝግባውን አለልኝ። የአንዱን መጨረሻ ሲረሳ እኔ አንድ ስንኝ ሞላሁለት፤ አሰበበትና «ንቧ ትስቅብሃለች» አለኝ፤ ሌላ ሞከርኩ፤ «ይሄኛው ይሻላል» አለ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ቀና ስል ኢሎና ግንድ ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ያዩናል። ለካ ተርጓሚው ሥራውን ረስቷል። «ይቅርታ» አልኳቸው። በእጃቸው ቀጥል፣ ቀጥል የሚል ምልክት ሰጡኝ።

ሰኞ ጠዋት ልንሸኛቸው መናኸሪያ ቆምን። ኢሎና የአባቴን እጅ ይዘው፦ «አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቤቴ ቤታችሁ ነው። ካልመጣችሁ ንቦቼ ይቀየማሉ» አሉ።

«ምን አለች?»

ነገርኩት።

«ኢንሻአላህ በላት» አለና ወዲያው ክንዴን ያዘኝ። «ቆይ፣ እንደሱ አትበላት። ይህች ሴት ታምናለች፤ አልጋ አንጥፋ ትጠብቀናለች። ቪዛ ካገኘን በላት።»

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ከመናኸሪያው ሌላ ጥግ የገሰራ መኪና ሰው ይጠራል። እኔ ወደዚያ አየሁ። አባቴም እኔን አየ።

«ወዴት?»

«ሰኞ ነው።»

«ስምምነታችን ምን ነበር?»

«ከእሳቸው ጋር ከተግባባን…»

«ተግባብተናል» አለ። «ተግባብታችኋል» አላለም። ከዚያ እንደ ድሮው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፦ «ደብተር ግዛ። ወፍራም ይሁን። ሃያ ስድስት ዛፍ ነው፤ እኔ እያረጀሁ ነው፤ የወይራው ግማሹ ጠፍቶብኛል።»

ይኸው ነው። አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ኤስፔራንቶ ተማሩ ልላችሁ አይደለም። ዓለም አልተማረውም፤ ባሌ ውስጥ እስከማውቀው ድረስ ተናጋሪው ዛሬም እኔ ብቻ ነኝ፤ «ቦኔ» የምትለዋን ብቻ የሚያውቁትን ጋሽ ታምራትን ካልቆጠርናቸው። ያ ሐኪም ሕዝብን ከሕዝብ ሊያስታርቅበት ነበር የሠራው። ለእኔ የሠራልኝ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ወይም የበለጠ፣ አላውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ይዘን ዝም ተባብለን የምንኖር አባትና ልጅ ነበርን፤ ሦስተኛ ቋንቋ ያላት አንዲት ባልቴት መጥታ፣ ልጁ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቀችልን። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ያልተጠየቀ ሰው አለ። ሀንጋሪዋ እስክትመጣ አትጠብቁ።

ደብተሩ አሁን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሞልቷል፤ አባቴ ግጥም አይደለም ማለቱን ግን አልተወም። የምትችሉ ኑና ስሙት። መናኸሪያው ላይ ማንንም የከድርን ቤት ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ለወግ አይደለም የምለው፤ የዛሬ ስንት ዓመት ለወግ ብዬ ምን እንደሆንኩ አይታችኋል። ቤታችን ቤታችሁ ነው። ነገ ከምትመጡ ዛሬ ግቡ። ካልመጣችሁ አባቴ ይቀየማል።